የኦሃዮዋ ኢያሪኮ

የቤተ ክርስቲያናችን አረጋውያን ኢየሩሳሌምን እንጎበኛለን ማለት የጀመሩት ልጄ ገና ትንሽ ሳለች ነው። በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ጋሼ መድረክ ላይ ይወጡና «ዘንድሮ ጌታ ቢፈቅድ» ይላሉ፤ ጉባኤው «አሜን» ይላል። ከዚያ ወይ እዚያ አገር ጦርነት ይነሳል፣ ወይ የአንዷ ጉልበት ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ወይ የአንዱ ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ይገኛል። ጋሼ የምላቸው የጉዞ አስተባባሪያችን ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን የሚነዱ፣ ሰው አንድ ቦታ ካላደረሱ ቀኑ የባከነ የሚመስላቸው ሽማግሌ ናቸው።

ባለፈው ሐምሌ ግን እሑድ ከስብከት በኋላ ተነሡና ኢየሩሳሌም ለጊዜው ትቆየን አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ካለበት ከሞርስ ሮድ ተነስተን በ161 አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ጥንታዊ የሃይማኖት ስፍራ አለ፤ ጌታ በምድር በተመላለሰበት ዘመን እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዓለም በቅርስነት መዝግቦታል፤ የምታስጎበኘን ደግሞ የራሳችን ልጅ ናት። ይህን ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የራሳችን ልጅ ያሏት የእኔ ልጅ ናት። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ያደገች። ፋርማሲ ታጠናለች ብዬ ስጠብቅ የጥንት ሰዎችን አኗኗር የሚያጠና ትምህርት አጠናች። ተመረቀች፣ አፓርትመንት ተከራየች፣ በዚያ ጥንታዊ ስፍራ የአስጎብኚነት ሥራ ያዘች፣ ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ተወች። ተወች ስል በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሺፍት አለኝ አለች፤ ቀጥላ ደከመኝ አለች፤ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተወችው።

በፋሲካ ፒከሪንግተን ወዳለው ቤታችን ስትመጣ ወጥ እያማሰልኩ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «ጌታን ታምኚያለሽ ወይስ አታምኚም?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ» አለችኝ።

አላውቅም። አላምንም ብትለኝ አልቅሼ እጾማለሁ፤ የማውቀው ሥራ ነው። አምናለሁ ብትለኝ ታዲያ እሑድ የት ነሽ ብዬ እጮህባታለሁ፤ እሱንም አውቃለሁ። አላውቅምን ግን ምን እንደማደርጋት ግራ ገባኝ። ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ትቼ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስወጣ መኪናዋ አልነበረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንደዋወል የምናወራው ስለ መኪናዋ ዘይት ነበር። ልጄ በእጄ ላይ እያለች እየጠፋችብኝ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ወዴት እንደምትጠፋ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ጋሼ «መድኃኒትና ውኃ የሚይዝልን ሰው ብናገኝ» ሲሉ እጄን አወጣሁ። የሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ እንጀራዬ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ባለቤቴ ካናል ዊንቸስተር ያለው መጋዘን የቅዳሜ ሺፍት ነበረው። ብቻዬን ሄድኩ።

ቫኑ ውስጥ መዝሙር እንጂ መረጃ አልነበረም። አንዷ ስፍራው ከድንጋይ የተፈለፈለ እንደሆነ ሰምቻለሁ አለች፤ ሌላዋ መስቀል ተገኝቶበታል አለች፤ ከየት እንዳመጡት ጌታ ይወቅ። እትዬ፣ የሐሙስ ጸሎት መሪያችን፣ ከፊት ወንበር የወይራ ዘይት ጠርሙሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አጭር ናቸው፤ ሲጸልዩ ግን ቁመት ይጨምራሉ። «ድንጋዩን ቀብቼ እመለሳለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቤተ መቅደስ ነው ወይስ ገዳም?» አልኳቸው።

«ስንደርስ ታዪዋለሽ» አሉኝ በመስተዋቱ እያዩኝ። እሳቸውም እንዳላዩት ያኔ ገባኝ።

ደረስን፤ ምንም አልነበረም። ማለቴ ሣር ነበር፣ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ሳንድዊች የሚበሉ ሰዎች ነበሩ፣ አንዲት ትንሽ ሙዚየም ነበረች። ጋሼ ፓርክ አድርገው ወረዱና ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ስልካቸውን አውጥተው አድራሻውን እንደገና አዩ። አረጋውያኑ ጥላቸውን ዘርግተው እርስ በርሳቸው «የታለ?» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ስለታወቀኝ ከወዲሁ ተናደድኩ።

ልጄ ካኪ ሸሚዝና ሰፊ ኮፍያ አድርጋ፣ ወገቧ ላይ ሬዲዮ አንጠልጥላ ከሙዚየሙ ወጣች። አረጋውያኑን አንድ በአንድ ጎንበስ እያለች ሳመቻቸው። ያን አልረሳችም። እኔንም ሳመችኝ፤ ነገር ግን እንግዳ እንደሚሳም ነው የሳመችኝ። ከዚያ በአንድ ሰፊ ክፍተት አሳልፋ ወሰደችንና ቆመች።

«እሺ፣ አሁን ውስጡ ነን» አለች።

«የምኑ ውስጥ ልጄ?» አሉ እትዬ።

ልጄ እጇን ዘርግታ በዙሪያችን አዞረች። ያኔ አየሁት። ዳገት የመሰለኝ ዳገት አልነበረም። ሣር የለበሰ የአፈር ቅጥር ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ ሩቅ ከዛፎቹ ኋላ ይጠፋና በሌላ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ፍጹም ክብ። ሰዎች በእንጨት እየቆፈሩ፣ አፈሩን በቅርጫት እየተሸከሙ ነው የሠሩት አለችን። ብረት የላቸውም፣ ከብት የላቸውም። ለከተማ ብለው አይደለም፤ ውስጡ ማንም አልኖረበትም።

«ማንን ሊያመልኩበት?» አሉ እትዬ።

«ዊ ዶንት ኖው» አለች ልጄ። «ማንም አያውቅም።»

«ንጉሣቸው ማን ነበር?»

«እሱንም አናውቅም።»

«ታዲያ ለምን ትተውት ሄዱ?»

«አናውቅም፣ እትዬ።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጉዞውን ከመድረክ ያወጁት እሳቸው ናቸው፤ አስጎብኚዋ ደግሞ የተጠየቀችውን ሁሉ አናውቅም ትላለች። «የኔ ልጅ» አሏት በለሆሳስ፣ «የሚያውቅ አለቃ የለሽም?»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀጥላ ወደ ቅጥሩ ጠጋ አድርጋ ከሥሩ የሚሄደውን ሰፊ ቦይ አሳየችን። ጋሼ ቦዩን አዩ፣ ቅጥሩን አዩ፣ መልሰው ቦዩን አዩ። «ምሽግ ከሆነ እንኳ ቦዩ የሚቆፈረው በውጭ ነው» አሉ። «ጠላት እንዳይገባ። ይሄ እኮ ከውስጥ ነው።»

«ኤግዛክትሊ፣ ጋሼ» አለች ልጄ። ፊቷ በራ። «ማንንም ለመከልከል አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው? አናውቅም።»

ይህችን አናውቅም ስትል አየኋት። ድስት አጠገብ ቆሜ የሰማኋት ቃል ራሷ ናት፤ ነገር ግን እንደ ስጦታ እያቀረበችልን ነበር የምትመስለው። አንድ ሰው አላውቅም ብሎ እንዴት ደስ ይለዋል? ተናደድኩ፣ ደግሞ ቀናሁ፤ በምን እንደቀናሁ ግን መለየት አልቻልኩም።

ሌላ ቤተሰብ መጥቶ ስለጠራት «አስር ደቂቃ ስጡኝ» ብላን ወደ ሙዚየሙ ሄደች። እኛ ክፍተቱ አፍ ላይ ቀረን። አንዷ ጣዖት የነበረበት ከሆነ ሣሩን መርገጥም ልክ አይደለም አለች። ሌላዋ መጸዳጃ ቤት የት ነው አለች። እትዬ ዘይታቸውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ የሚቀቡት ድንጋይ አልተገኘም። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህ ኢያሪኮ ነው» አሉ።

የእኛን ቤተ ክርስቲያን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። የአንድ ሰው ጉዳይ አልከፈት ሲል ኢያሪኮ እንዞራለን። የተዘጋውን ነገር ሰባት ጊዜ መዞር ነው፤ በዝምታ። ከአፍ አንዲት ቃል መውጣት የለባትም። ሰባተኛው ሲያልቅ እልል ይባላል። አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን የተመኘነውን ሕንፃ እንዲህ ዞረን ነበር። ሕንፃው ለሌላ ሰው ተሸጠ። እትዬ ግን እስከ ዛሬ «ከመካከላችን የተናገረ ሰው አለ» ነው የሚሉት፤ ሁላችንም እርስ በርሳችን ስንጠራጠር ኖረናል።

«ቅጥር ነው፤ ክብ ነው፤ እኛም ሸክም ይዘን መጥተናል» አሉ እትዬና ወደ እኔ ተመለከቱ። ሐሙስ ሐሙስ «አንድ ጉዳይ አለኝ» ብቻ እያልኩ ነበር የማስጸልየው። ጉዳዩን ሳልናገር ሁሉም ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ነው።

ጋሼ ወደ ቅጥሩ አሻግረው አዩ። ታክሲ የነዱ ሰው ርቀት በዓይን ይለካሉ። «እትዬ፣ አንዱ ዙር ራሱ አንድ ኪሎ ሜትር ሳያልፍ አይቀርም። ሰባቴ ከዞራችሁ የምመልሰው አስከሬን ነው። ስድስቱን በቫን ብንዞረውስ?»

«እስራኤል በቫን አልዞረም።»

«እስራኤል የስኳር መድኃኒትም አልነበረውም።»

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እትዬ መፍትሔ አገኙ። ሰባት ሰው ከተዘጋጀና እያንዳንዱ አንድ አንድ ከዞረ ሰባት ነው። እግዚአብሔር ጉልበታችንን ያውቃል። ጉልበት የሌላቸው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ ጋሼም ከእነሱ ጋር ናቸው። ሰባታችን ተራርቀን፣ በውጭ በኩል፣ ቅጥሩን ሳንረግጥ እንሄዳለን። እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው መጀመሪያ፣ ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ እኔ መጨረሻ። «አደራ» አሉኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው።

ጀመርን። ከፊቴ ያለችው ሴት ጥላ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ቅጥሩ በቀኜ ነው፤ ከባድ ሙቀት ነበር። መጸለይ ፈለግኩና ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ቅጥሩ ይፍረስ ልበል? የትኛው ቅጥር? ይህኛው ከፈረሰ ልጄ ሥራ አጥ ናት። ሌላው፣ በእኔና በእሷ መካከል ያለው፣ ማን እንደሠራው አላውቅም። መልሳት አልኩ በልቤ። ወዴት ነው የምትመለሰው? እሑድ ጠዋት እኔ አጠገብ እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው ወይስ ጌታን እንድታገኝ? ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት፤ እዚያ ሣር ላይ ግን አንድ አልመስል አሉኝ።

ግማሽ ያህል ስሄድ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ።

«ማሚ፣ ውኃ ጠጥተሻል?»

በራሴ ንቅናቄ አዎ አልኳት። አጠገቤ ገብታ እኩል መራመድ ጀመረች።

«ኧረ ምንድን ነው የምታደርጉት? እትዬን ሃይ ብያቸው ዝም አሉኝ። ኦኬ ናቸው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ፊት በእጄ አሳየኋት፤ እኔም ምን እንዳሳየኋት አላውቅም።

«ተቆጥታችሁ ነው? አናውቅም ስላልኩ ነው? እኔ ውሸት መንገር አልፈልግም፣ ማሚ። አንዳንድ ጋይዶች ታሪክ ይፈጥራሉ፤ እኔ እንደዚያ አላደርግም።»

አይደለም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። እንዴት ይገባታል? ከፊቴ ያለችው ሴት ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችንና ቶሎ ተመለሰች።  የልጄ ድምፅ ተለወጠ።

«ፋሲካ ላይም እንደዚህ ነው ያደረግሽኝ። ራስሽ ጠየቅሽኝ። እኔ መመለስ ስጀምር ጥለሽኝ ገባሽ። በር ዘጋሽ። እዚያ ኪችን ውስጥ ቆሜ ወጡ እንዳያር እሳቱን አጠፋሁልሽ።»

እሳቱን ማን እንዳጠፋው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ኮፍያዋን ወደ ፊት ጎተተች። «ኢትስ ፋይን» አለች። «ሥራ አለኝ፣ ልመለስ።» ቆመች። እኔ መራመዴን ቀጠልኩ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። አፌን ከከፈትኩ የስድስት አረጋውያን ድካም ገደል ገባ፤ ለዚያውም ለእኔ ብለው የደከሙት። ካልከፈትኩ ደግሞ ልጄ ትመለስ ብዬ እየለመንኩ ልጄ ከኋላዬ ተመልሳ ልትሄድ ነው። እግዚአብሔር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። እሱም ዝም አለ።

ዞርኩ። «ቦዩ ለምን ከውስጥ ሆነ?» አልኳት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ የመጣልኝ ግን ቦዩ ነው።

እሷም ግራ ገባት። «ነገርኳችሁ እኮ። ማንም አያውቅም።»

«ማንም አላልኩሽም። አንቺ ምን ይመስልሻል?»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ መጣችና አብረን መሄድ ጀመርን። ድሮ ቦዩ ውኃ ይዞ ይሆናል አለችኝ። የሚገባው ሰው ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ትቶ እንደመጣ እንዲሰማው ይሆናል። ወይም ውስጥ ያለው ነገር በጣም ስለሚከበር እንዳይወጣባቸው ፈርተው ይሆናል። ጠዋት ሰው ሳይመጣ ብቻዋን መሐል ላይ ትቆማለች። «ልጅ ሆኜ እትዬ ጸልየው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ዝም የሚልበት ሰዓት አለ አይደል? እንደዚያ ነው የሚሰማኝ» አለችኝ። ይህ ምስጋና ይሁን ክህደት መለየት አቃተኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት፤ በዚህኛው ዝምታ የተከፋች አልመሰለኝም።

ክፍተቱ ጋ ስንደርስ ስድስቱ ላባቸውን እየጠረጉ እየጠበቁኝ ነው። እትዬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እልል ለማለት ተዘጋጅተዋል።

«ምንም አልተናገርሽም አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። ከፊቴ የነበረችው ሴት ግን ሣሩን እያየች ነው።

«ተናገርኩ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእሷ ጋር።»

እትዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያው ስድስት ነው» አሉ። አንዲቱ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አዘኑብኝ፤ ማዘናቸው ልክ ነበር፤ እኔ ግን ልክ መሆናቸው ይበልጥ አበሸቀኝ።

«በእሷ ጉዳይ ከእሷ ጋር ካልተናገርኩ ከማን ጋር ልናገር?» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጄ እኔን አየች፣ እትዬን አየች፣ ዘይቱን አየች። አማርኛዋ ለዚህ በቂ ነው። «ስለ እኔ ነው የምትዞሩት?» አለች።  ጋሼን ድንገት የቫኑ ጎማ አሳሰባቸውና ወደዚያ ሄዱ።

ቁጣዋን ጠበቅኩ። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ነው የወረሰችው። እሷ ግን አረጋውያኑን አንድ በአንድ ተመለከተች፤ በላብ የራሰውን ነጠላ፣ ያበጠውን ቁርጭምጭሚት፣ በዚያ ፀሐይ የዞሩትን ሁሉ።

«አንድ ነው የቀራችሁ?» አለች።

«እኔ እደግመዋለሁ» አልኩ።

«ጉልበትሽ ማሚ፣ ፕሊስ። እኔ እዞራለሁ።»

እትዬ ቀና አሉ።  «ዝም ብሎ ነው ልጄ» አሏት። «በልብሽ ግን መጸለይ አለብሽ።»

«ስለ ምን?»

እትዬ እኔን አዩኝ፤ እኔ እትዬን አየሁ። ልጄ ጠበቀችን፤ ከዚያ «ኦኬ» አለችና ሬዲዮዋን ከወገቧ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። በውጭ በኩል ሄደች፤ ቅጥሩ ጋረዳት።

እትዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከወዲያኛው ጫፍ ኮፍያዋ ብቅ ሲል «ምን ብላ እየጸለየች ይሆን?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። አልጸለየችም ማለቴ አልነበረም፤ ጸልያለች ማለቴም አልነበረም። ሌላ የምለው እውነት ስላልነበረኝ ነው።

ልትጨርስ ስትል አንድ ጎብኚ አስቆማት። ከሩቅ አየናቸው፤ ሰውየው ይጠይቃል፣ እሷ ከነዩኒፎርሟ ዝም ብላ በጣቷ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ታሳየዋለች። ሰውየው ጥቂት ቆሞ አያትና ሄደ። «አልተናገረችም» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ውስጥ የገዛ ልጃቸውን ያስመረቁ ያህል ኩራት ነበር።

መጥታ ፊታችን ቆመች። እልል መባል ነበረበት፤ እትዬ ግን እያለቀሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል። «ምን ትጠብቃላችሁ? እልል በሉ እንጂ» አሉ ጋሼ ከቫኑ አጠገብ። አልን። ሳንድዊች የሚበሉት ሰዎች ዞረው አዩን፤ አንድ ውሻ ጮኸ። ልጄም ዞራ ቅጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። እንደነበረ አለ። «ተመስገን» አለች፤ ፈገግ እያለች።

እትዬ ዘይታቸውን ሳይከፍቱ ወደ ቫኑ ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ገቡ። መድኃኒታቸውን አድዬ ስጨርስ ልጄ ሬዲዮዋን ልትወስድ መጣች። ወሰደችና አልሄደችም።

«ማሚ፣ ፋሲካ ላይ አልጨረስኩም ነበር።»

«ምኑን?»

«አላውቅም አልኩሽ። ከዚያ ልጠይቅሽ ነበር። አንቺ እንዴት እንዳወቅሽ። እንዴት እንደጀመረ። ነግረሽኝ አታውቂም እኮ። ሁሌ እዚያው ነበርሽ፣ ሁሌ ታውቂ ነበር። በር ዘጋሽብኝ እንጂ ልጠይቅሽ ነበር።»

ቆሜ ቀረሁ። ስንት ሐሙስ ሙሉ መልሳት እያልኩ ያስጸለይኩባት ልጅ በሩ ማዶ ጥያቄ ይዛ ቆማ ነበር። ጥያቄው ደግሞ ስለ እኔ ነው፤ ሙሉ መልሱን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በማያምኑ ሰዎች ፊት የምመሰክረው ምስክርነት አለኝ፤ አጭርና ያማረ ነው። ለእሷ ግን እሱን ልነግራት አልቻልኩም። የሚያምረው ክፍል ላይ ከመድረሴ በፊት እኔም ለረጅም ጊዜ የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

ጋሼ ክላክስ አደረጉ።

«ሥራሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኳት።

«ፋይቭ ፒኤም ላይ። ለምን?»

ወደ ቫኑ መስኮት ሄድኩ። «ጋሼ፣ እናንተ ሂዱ። እሷ ታደርሰኛለች» አልኳቸው። ጋሼ ሰው ትተው መሄድ አይወዱም፤ እትዬ ግን ክንዳቸውን ነካ አደረጉና ቫኑ ተንቀሳቀሰ።

ሥራዋን ስትጨርስ በክፍተቱ በኩል ተመልሰን ገባን። ልጄ በቦዩ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ኮፍያዋን አወለቀች። ትጠብቀኛለች። ከየት እንደምጀምርላት ግራ ገብቶኝ ሣሩን ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ግራ እንደገባኝ ነገርኳትና ጀመርኩ።